አባቴ አቶ ድንቁ፣ የኮምፒውተር ሊቅ

የሠራሁትን ሥራ ነጥቀው ለአባቴ ሰጡት።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይላል ያገራችን ሰው፤ ሆላንድ ግን ተገልብጦ የልጅ ላብ ለአባት ነው። እዚህ አገር ሰው በስሙ አይኖርም፤ በአባቱ ስም ነው የሚኖረው። ካላመናችሁ ዛሬ የመጣላችሁ ፖስታ ላይ ማን እንደተጻፈ ተመልከቱ። ሐኪም ቤት "ሜኔር ድንቁ"፣ አቶ ድንቁ እንደ ማለት፣ ተብሎ ሲጠራ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዞር ብዬ አባቴን እፈልግ ነበር… አባቴ ግን ደብረ ብርሃን ከተቀበረ ቆይቷል፤ ቢኖርም ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አልነበረም።

አቶ ድንቁ በቅሎ አከራይ ነበር። ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲሰዱ፣ እሱ "ፊደል የቆጠረ እጅ ጭነት አያጠብቅም" ብሎ እኔን በቅሎዎቹ ዘንድ አስቀረኝ። ስሜን መጻፍ የተማርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይርጋ። ለሦስት ፊደል አንድ ሳምንት ፈጀሁ። ከዚያ በኋላ ግን ያልጻፍኩበት የቀበሌ ግድግዳ የለም፤ ተቀጥቼበታለሁም።

ሆላንድ መጥቼ ዘ ሄግ አንድ ቢሮ ጽዳት ገባሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ሄንክ፣ ወለል ስወለውል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ መተከሉን አይቶ ያስተምረኝ ጀመር፤ ኋላም መወልወያውን አስቀምጬ እሱ ክፍል ተቀጠርኩ። ያስተማረኝ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ አምስተርዳም የተወለደ፣ ያኔ ገና ጥርሱን ያላበቀለ ቋንቋ። ፓይተን ክፋቱ መስመር ላይ ነው። መስመርህ ከላይኛው ጋር ካልተስተካከለ ሥራ አይጀምርም። ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬም ይህንኑ ነው በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችኝ።

ጦሱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሮተርዳም ያለችው ጉባኤያችን የምእመናኑን ስምና አድራሻ እንዳትምላት ጠየቀችኝ፤ በቢሮው ኮምፒውተር አተምኩ። ኮምፒውተሩ በሆላንድ ደንብ የአባትን ስም አስቀድሞ ደረደረው። እኔም ሥልጣኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በወሩ የተስፋዬ እናት ማረፋቸው ተሰማ። ተስፋዬ ገና የመጣ ወንድማችን ነው፤ ቤቱን ቀርቶ ከተማውን የሚያውቅ የለም። ሽማግሌያችን ጋሽ ተክሌ ዝርዝሩን ገለጡና "ተስፋዬ… ይኸውና፣ ቭላርዲንገን" አሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰባት ሆነን ጎህ ሲቀድ ቭላርዲንገን ደረስን። በር የከፈተችልን ሴት ሚስቱ መሰለችን። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰባት ጥቁር ካፖርት ደጇ ቆሞ ስታይ ሌላ ምን ታስብ? "እናቴን!" ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። እኛም ለአማቷ እንዲህ የምታዝን ምራት ከወዴት ትገኛለች ብለን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን አለቀስን። ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ጠርገው "ተስፋዬስ የት አለ?" አሉ።

"አባቴ? አባቴማ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።"

"ባልሽን ነው የምልሽ።"

"ባል የለኝም።"

ሴትዮዋ ሙሉ ተስፋዬ ትባላለች፤ እሷም ገና የተመዘገበች ምእመን ናት። ናዝሬት ስትደውል እናቷ ራሳቸው አንስተው "ምን ሆነሽ ነው በጧት?" አሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ በአባቱ በገብሩ ሥር አግኝተነው፣ ካፔለ አን ደን አይሰል የሚባል ከተማ፣ ትክክለኛው ተስፋዬ ቤት ስንደርስ እንባችን አልቆ ነበር፤ ደረቅ ለቅሶ ደረስን።

በሜትሮ ስንመለስ ጋሽ ተክሌ ወደኔ ዞሩ። "ዝርዝሩን ያተምከው አንተ ነህ?"

መስኮቱን አየሁ። "እኔ ነኝ ጋሽ ተክሌ።"

"አስተካክለው።"

አስተካከልኩት። ስልሳ መስመር የሆነች ትንሽ ነገር በፓይተን ጻፍኩ፤ ሌላ ፕሮግራመር ከራሱ ሥራ ጋር ቀጥሎ እንዲጠቀምባት። እንዲህ ያለውን ላይብረሪ ይሉታል። ስም ትሰጧታላችሁ፤ እሷ ሰውየውን ታስቀድምና "ተስፋዬ፣ የገብሩ ልጅ" ብላ ታትማለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሰውን በአባቱ ስም አለመጥራት።

ጋሽ ተክሌ አዲሱን ዝርዝር አገላብጠው አዩት። "በምን ሠራኸው?"

"ፓይተን በሚባል ቋንቋ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ዘንዶ።"

ዝርዝሩን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉ። "ለጉባኤው አትንገር" አሉኝ።

ሄንክ ላይብረሪዋን ወደዳትና አምስተርዳም ላለ ወዳጁ ላካት፤ እዚያ ማንም ፕሮግራመር በነጻ እንዲወስዳት ኮምፒውተራቸው ላይ ሰቀሏት። የደራሲውን ስም ቅጹ ላይ የሞላልኝ ሄንክ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከፊንላንድ መጣ፤ "የተከበሩ ድንቁ ሆይ፣ ሥራዎ እጅግ ንጹሕ ነው" ይላል። ደንግጬ የአምስተርዳሙን የላይብረሪ ዝርዝር ከፈትኩ። ደራሲ፦ ድንቁ፣ ይ.

አያችሁልኝ? የ"ሀ"ን መልክ የማያውቅ ሰው፣ እኔን ፊደል የከለከለ ሰው፣ ከመቃብር ተነሥቶ ፕሮግራመር ሆነ። ፊንላንድ ድረስ ታወቀ።

ሄንክ ጋ ሄድኩ። "ይህ የአባቴ ስም ነው።"

"አዎ፣ ያንተ ስም።"

"አባቴ በቅሎ አከራይ ነው።"

"የእኔም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ምን ችግር አለው?"

"የሠራሁት እኔ ነኝ። ይርጋ።"

"አለህ እኮ። ይ ነጥብ።"

ይ ነጥብ! በስንት መከራ ያገኘኋቸውን ሦስት ፊደላት ወደ አንድ አወረደልኝና ለሁለቱ ምትክ ነጥብ ሰጠኝ። "እንግዲያው አውርዷት፣ ትቅር" አልኩት። "ደንቡ እንዲህ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ አቶ ድንቁ ከአውስትራሊያም ምስጋና ደረሰው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ድግሱ ሽንት ቤት ውስጥ ይሆናል ብዬ ግን አልገመትኩም። ሆላንዶች የልደት ቀን የሚጻፍበትን ካላንደር ሽንት ቤት እንደሚሰቅሉ ታውቃላችሁ። የቢሯችንን የሚያትመው ሄንክ ነው፤ የመጪውን ዓመት በእኔ ላይብረሪ አተመው። እኔ ስጽፋት፣ ሰው ሁሉ እንደኛ አንድ ስምና አንድ አባት ያለው መስሎኝ፣ ሁለተኛውን ቃል አባት አድርጌ የቀረውን ጥዬዋለሁ። የሄንክ ሙሉ ስም ደግሞ ሄንክ ቫን ደር… የቀረውን ለመጻፍ ይህ ገጽ አይበቃም፤ ቫን የብዙ ሆላንዳዊ የቤተሰብ ስም መግቢያ ነው፣ "ከ" እንደ ማለት። ካላንደሩ ላይ "ሄንክ፣ የቫን ልጅ" ሆኖ ወጣ። የሠራተኛ ክፍል ኃላፊዋም የቫን ልጅ፣ ዘበኛውም የቫን ልጅ። ዘጠኝ ሰው በአንድ ጧት ወንድምና እህት ሆነ።

ሄንክ ከሽንት ቤት ወጥቶ ቀጥታ ወደኔ መጣ። "አባቴን ቫን ይለዋል።"

"አዎ፣ ያንተ ስም።"

"አባቴ ፒት ነው። ፒት ዳቦ ጋጋሪው። ሠፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ፒት።"

"ምን ችግር አለው?"

 ሄንክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለአምስተርዳም መጻፍ ጀመረ። እኔም ቫኖቹን ማስተካከል ጀመርኩ።

በማግሥቱ ጠርቶ ስክሪኑን አሳየኝ። ደራሲ፦ ይርጋ። በቃ፣ ይርጋ ብቻ። ድንቁን ጠርገው አውጥተውታል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ስሙ ብቻውን ቆሞ ሳየው እንደ ተጣለ ልጅ መሰለኝ። አባቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ሞተውበታል፤ ይህኛውስ እንኳ ይርጋልኝ ብሎ ስሙን ያወጣው እሱ ነው። ፊደሉን ከለከለኝ እንጂ፣ በፊደሉ የምጽፈውን የሰጠኝ ማን ሆነና…

"ሄንክ፣ ድንቁን መልሰው።"

"ትቀልዳለህ?"

"ከኋላዬ አድርገው። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልቅደመው።"

ሄንክ እየተራገመ ጻፈላቸው። ደራሲ፦ ይርጋ ድንቁ። ነገሩ የተቋጨው ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው።