ጥሩምባው የእኛ፣ ድንኳኑ የእነሱ

ነፃነት የማይወድ ሰው የለም። ችግሩ ነፃነቱን የሚያመጣለትን ሰው የሚመርጠው ስብሰባ ላይ መሆኑ ነው፤ ስብሰባ ላይ ደግሞ የሚመረጠው የሚያውቀው ሳይሆን ቀድሞ የተነሣው ነው። እኔ ትልቁን ፖለቲካ አልነካም፤ እንጅባራ ላይ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ፣ መቀሴ የሚቆርጠው ጨርቅ ብቻ ነው። የማወራችሁ ስለ ሰፈራችን የነፃነት ትግል ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በየአገሩ ሕዝብ በነፃ አውጪዎቹ መማረሩ በሬዲዮ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ግን፣ ይቺን እንኳ አውቃታለሁ እላለሁ።

ድሮ ሰፈራችን አንድ ነበር። ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈር የምንለው ጎርፉ ወዴት እንደሚወርድ ለማሳየት ነበር እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አንድ ዕድር፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ጥሩምባ። ጥሩምባው ማለዳ ሲነፋ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች፤ የሞተው ማን እንደሆነ የምትጠይቀው መንገድ ላይ ነው። ከአዘና በኩል ዘመድ በፈረስ ይመጣል። ግማሹ በአገውኛ ያለቅሳል፣ ግማሹ በአማርኛ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ለቅሶ ራሱ አንድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። ንፍሮው ይታደላል፣ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል፣ አባቴና ጓደኞቹ ከሟቹ ደግነት ጀምረው የድንች ዋጋ ላይ ይደርሳሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያ ለቅሶ ይናፍቀኛል። ለቅሶ የሚናፍቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኋላ የዕድሩ ዳኛ ሁልጊዜ ከታች ሰፈር ነው የሚመረጠው ተባለና ቅሬታ ተነሣ። ከቅሬታው ጋር አቶ ስመኘው ተነሡ። አቶ ስመኘው የቀድሞ የቀበሌ ሰው ናቸው፤ "ከዚህ አንጻር" ሳይሉ ውኃ አይጠጡም። ላይ ሰፈር የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ የአለቃቀስ ዘዬ ያለው ሕዝብ ነው አሉ። ሕዝብ መሆናችንን ያን ቀን ሰማን። ደስም አለን፣ አይዋሽም። እሳቸውን ሊቀመንበር አድርገን ከዕድሩ ወጣን።

ንብረት ስንካፈል ታች ሰፈሮች ከድንኳኑና ከጥሩምባው የወደዳችሁትን ምረጡ አሉን። ሊቀመንበራችን ድንኳን ጨርቅ ነው፣ ጥሩምባ ግን ድምፅ ነው፣ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ደግሞ ሕዝብ አይባልም ብለው ጥሩምባውን መረጡ። አጨበጨብን። ዝናብ ዕረፍት በማያውቅበት በእንጅባራ ምድር፣ ድንኳን ሰጥተን ቆርቆሮ ተቀብለን አጨበጨብን። ጥሩምባው ዳንግላ ድረስ ተወስዶ ተወለወለ።

የትግሉ ስልት ሦስት ምዕራፍ ነበረው። መጀመሪያ ንቃት፣ ቀጥሎ አደረጃጀት፣ በመጨረሻ ድንኳን። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ እኛ ንቃት ላይ ነን፤ ደግነቱ እስከዚያ ከላይ ሰፈር የሞተ የለም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እኛስ ነቅተናል፣ መሪዎቹን ማን ይቀስቅስልን አለ። ሌላ ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባልም አቶ ስመኘው ትግሉ ሳያልቅ መሪ አይቀየርም፣ ትግሉ ካለቀ ደግሞ መሪ አያስፈልግም አሉ።

ከሁላችን ይልቅ የጨነቃቸው ጎረቤቴ እማሆይ የሻረግ ነበሩ። ልጆቻቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ዘመድ የሚሏቸው ጫግኒ ያለ አንድ የወንድም ልጅ ብቻ ነው። ዕድር ለእኔና ለእናንተ ደንብ ነው፣ ለእሳቸው ግን ልጅ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ ለመሆኑ ዛሬ ብሞት የሚቀብረኝ ማነው ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ያለነው ሽግግር ላይ ስለሆነ እማሆይ ጥቂት ይታገሡ አሏቸው። እሺ ልጄ፣ እኔስ እታገሥ ነበር፣ ለሚወስደኝ አንተው ንገርልኝ ብለው ተቀመጡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ እኔ እኮ አልቀለድሁም አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ማጉረምረሙ ሲበዛ አመራሩ ስልቱን አጠበቀ፤ ታች ሰፈር ለቅሶ መድረስ ተከለከለ። ይህ ለእኛ አገር ሰው የሚታዘዝ ነገር ነው? እኛ ከተጣላነው ሰው ሰርግ እንቀር ይሆናል እንጂ ከለቅሶው አንቀርም። ብዙም ሳይቆይ ታች ሰፈር አንድ አናጺ ሞተ። የቤቴን በር የሠራልኝ እሱ ነው፤ እሱ የሠራውን በር ዘግቼ እንዴት ቤቴ ልቀመጥ? ዝናብም ስለነበር ጃንጥላዬን እስከ አፍንጫዬ ዝቅ አድርጌ ሄድሁ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ እንደ እኔ ዝቅ ያለ ሌላ ጃንጥላ ገጨኝ። ይቅርታ ለመባባል ቀና ስንል ሊቀመንበሩ ናቸው። ለምልከታ ነው የመጣሁት አሉኝ። እኔም ለዚያው ነው አልኋቸው። ዞር ብለን ብናይ ላይ ሰፈር አንድም ሰው ሳይቀር፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ እየተመለከተ ነው።

ነሐሴ ላይ እማሆይ የሻረግ መታገሥ አቃታቸው። አልጋቸው ላይ እንደተኙ አለፉ። ጥሩምባው ይነፋ ብንል፣ ድንኳን ሳይኖር ሕዝብ መጥራት የትግሉን ገጽታ ያበላሻል ብለው ሊቀመንበሩ አመራሩን ለስብሰባ ጠሩ። እኛ ጎረቤቶች በእማሆይ ደጅ ላይ ዝናብ እየወረደብን ቆምን። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ለሞታቸው አልነበረም፤ ሲፈሩት የኖሩት ነገር ስለደረሰባቸው ነው።

ከዚያ ከታች በኩል የቀርከሃ ምሰሶ የተሸከሙ ሰዎች ብቅ አሉ። ከኋላቸው ድንኳኑ፣ ከድንኳኑ ኋላ የንፍሮው ድስት፣ ከሁሉም ፊት የታች ሰፈሩ ዳኛ አቶ ምናለ። ጥሩምባ ሳይነፋ እንዴት ሰማችሁ አልናቸው። ጥሩምባውን ከወሰዳችሁብን ወዲህ ያለ እሱ መስማት ለምደናል አሉ። ምሰሶውን ተቀብለን መትከል ጀመርን። ድንኳኑ ቆመ፣ ንፍሮው ተጣደ፣ የጫግኒው የወንድም ልጅም ከአውቶቡስ ወርዶ ደረሰ። አጠገቤ አንዲት ሴት በአገውኛ ስታለቅስ ለጥቂት ጊዜ ልጅ የሆንሁ፣ አባቴም ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጠ መሰለኝ። እማሆይ በወግ በማዕረግ ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ ሊቀመንበሩ ድንኳኑ መሐል፣ ዝናቡ የማያገኘው ቦታ ላይ ቆመው፣ ከዚህ አንጻር ዛሬ ላይ ሰፈር ያለ ማንም ድጋፍ ራሱን መቻሉ በተግባር ታይቷል አሉ። ማንም አላጨበጨበም። አቶ ምናለ ንግግሩ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቀው፣ አቶ ስመኘው፣ ነፃነታችሁን ስትጨርሱ ድንኳኑን አድርቃችሁ መልሱልን፣ እርጥቡን ከታጠፈ ይበሰብሳል አሉ።

በእኛ ክረምት የረጠበ ጨርቅ መቼ ይደርቃል? ድንኳኑ ይኸውና እስከ ዛሬ በሊቀመንበሩ አጥር ላይ ነው። በቀደም ስብሰባ ላይ የድንኳኑ ነገር የት ደረሰ ተብለው ሲጠየቁ፣ ድንኳኑ ተሰጥቷል ብለው መለሱ። ለፀሐይ ይሁን ለእኛ አላብራሩም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ምዕራፍ ሦስት በድል ተጠናቀቀ ብሎ ጻፈ።