ምንም የማይሉት ደንበኛ

ጋራዥ ደጅ የረገጠ ሁሉ እኚህን ሰው ያውቃቸዋል። መኪናቸውን አስረክበው አይሄዱም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከመካኒኩ ጀርባ ይቆሙና «እኔ ምንም አልልም፤ ግን...» ይላሉ። ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ግማሽ ቀን ይፈጃል።

መካኒኩ በሃያ ዓመት ሥራው የዚህ ዓይነት ሰው ብዙ ችሏል። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ግን የሁሉም የበላይ ነበሩ። በልቡ «ክቡር ተቆጣጣሪ» ብሎ ሾማቸው።

የመኪናቸው ኤሲ ሙቅ አየር ይተፋል። ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት ሁለቴም ባዶውን ቀርቷል። መካኒኩ መረመረና፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ስለተበሳ መቀየር እንዳለበት፣ ለዚያም ዳሽቦርዱ እንደሚነቀል ነገራቸው።

«እኔ ምንም አልልም፤ ግን ይህን ሁሉ ሳታፈርስ በጎን ማውጣት አይቻልም?»

«አይቻልም ጋሼ።»

«ነገ ጠዋት ባለቤቴን ከሆስፒታል አወጣታለሁ። እስከ ቤታችን አምስት ሰዓት ያስኬዳል። ሙቀት ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራታል።»

«ዛሬ ይደርሳል።»

መሪው ወጣ፤ ዳሽቦርዱ ተነቀለ፤ ሽቦው ተንጠለጠለ። ክቡርነታቸው የመኪናቸውን ሆድ ዕቃ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ደብተር አውጥተው የወለቀውን ብሎን ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ።

«ይሄ አርባ ሰባተኛው ነው። አርባ ስድስተኛውን የት አደረስከው?»

የመካኒኩ ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ሻይ ጠጥተው ይምጡ!»

ቅር እያላቸው ሄዱ። ጋራዡ ጸጥ አለ። መካኒኩ እፎይ ብሎ፣ እያፏጨ፣ አዲሱን ኢቫፖሬተር አስገባ፤ ዳሽቦርዱን መለሰ፤ ጋዝ ሞላ። ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲነካው በራሱ ኮራ።

ሰውየው ሲመለሱ ምስጋና የለ፣ ምን የለ። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጡና ኤሲው እንዲከፈት አዘዙ። ከዚያ ጫማቸውን፣ ቀጥሎም ካልሲያቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ አሳረፉ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«እዚህ የምትቀመጠው እሷ ናት። ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታል፤ ቢረጥብም ቢቆስልም አታውቅም። እኔ ልወቅላት እንጂ።»

መካኒኩ ሳቁን ዋጠ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰውየው የግራ እግራቸውን ጣቶች አንቀሳቀሱ።

«እርጥብ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

መካኒኩ ክው አለ። ኢቫፖሬተር ሲቀዘቅዝ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃውም በአንዲት ትንሽ የጎማ ቱቦ ከመኪናው ሥር ይፈሳል። ያቺን ቱቦ ሳይሰካት ቀርቷል። በዚያ ባማረው ጸጥታ ውስጥ «ይቺስ?» ብሎ የሚነዘንዘው ሰው አልነበረም።

የማይሰማ እግር አምስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ሊቀመጥ እንደነበር አሰበና አፈረ። ተንበርክኮ ቱቦዋን ሰካ፤ ምንጣፉን አውጥቶ አደረቀ። ከዚያ የገዛ ጫማውን አወለቀ።

«እስቲ አሁን እኔ ልቀመጥ» አለ።

ሰውየው በሾፌሩ ወንበር፣ እሱ በሚስታቸው ቦታ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነዝናዛ ሰው እወዳለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ወደዳቸው።

«ደረቅ ነው» አለ በመጨረሻ።

አላመኑትም። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳበሱ። ሌላ ቀን ቢሆን ይቀየማቸው ነበር። ዛሬ ግን እግሮቹን አነሳላቸው።

«ደህና አድርገው ይጫኑት ጋሼ፤ ተረከዟ የሚያርፍበትንም።»