የሠርጌ ሳምንት ምንዛሬ

በድንበር ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጎረቤት አለው። የለኝም የሚል ካለ ጎረቤትየው ራሱ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው የልጆቹን ልደት ይረሳል፣ የጋብቻውን ቀን ይረሳል፣ ምድጃ ላይ የጣደውን ድንች ይረሳል። መቶ የስዊድን ክሮነር በየትኛው ሳምንት በስንት የኖርዌይ ክሮነር ይመነዘር እንደነበር ግን ከነሽርፍራፊው ያውቃል። ያወቀውን ደግሞ ሳይናገር አይውልም።

የእኛው፣ በኖርዌይ ድንበር ላይ ያለችው የሃልደን ከተማው፣ ኦድቫር ይባላሉ። ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እኔ በልቤ «ክቡር ሊቀ ምንዛሬ» የሚል ማዕረግ ከሰጠኋቸው ቆይቷል። ስዊድን ለእኛ ድልድይ መሻገር ብቻ ነው። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ከረሜላው እዚያ ስለሚረክስ ከተማው በሙሉ ይሻገራል፣ ገዝቶ ይመለሳል፣ ይበላል። ሊቀ ምንዛሬ ግን እቃችንን ከመኪና ስናወርድ አጥር ላይ ተደግፈው ሐዘን ይቀመጣሉ።

«መቼ ነው የገዛሽው?» ይሉኛል።

«ትናንት።»

«ትናንት! ወይ አንቺ ልጅ! ማክሰኞ ነበር እኮ!»

ማክሰኞ ምን እንደነበረ አልጠይቅም። አለመጠየቅ ግን ከእሳቸው አድኖኝ አያውቅም።

ሮልፍ የሚባል ጎረቤታችን የሞተ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ ቡናና ዳቦ ሲቀርብ፣ ክቡርነታቸው ባልቴቷን እጇን ይዘው አጽናኗት። «ነፍሱን ይማርና፣ ሮልፍ የታደለ ነው። ክሮነራችን ሳይወድቅ ሄደ። ይህን ጉድ አላየም።» ባልቴቷ የዳቦውን ሳህን እንደያዘች ኩሽና ገባች፤ እንግዳው እስኪበተንም አልወጣች። ልጄንም በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። በተወለደች ሳምንት መቶው ሰማንያ ስምንት ስለነበር «ሰማንያ ስምንት» ነው የሚሏት። ይኸው ትልቅ ሰው ሆናም አቤት ትላቸዋለች፤ እኔ እበግናለሁ።

የእኔ መከራ ግን ሠርጌ ነው። ያገባሁት በ1992፣ በኦክቶበር መጨረሻ ነበር። አባቴ ሃልቮርና ጓደኛው ኦድቫር የሠርጉን ሥጋና መጠጥ ከስዊድን ገዝተው መጡ፣ መቶውን በመቶ ስምንት መንዝረው። ሦስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የስዊድን ክሮነር ተንኮታኮተ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነው።

«መቶ ስምንት! ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት? ሙሽራው አይሸሽ!»

ሙሽራው ከአሥር ዓመት በኋላ ሸሸ። ዓይኔ በለቅሶ አብጦ ደጅ ስወጣ ሊቀ ምንዛሬ አጥሩ ላይ ነበሩ። «አላልኩሽም?» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በመቶ ስምንት የተደገሰ ሠርግ!» የዚያን ቀን ሰው ብገድል የሚፈርድብኝ ዳኛ አይገኝም ነበር።

እሳቸውን የሚችል ሰው አባቴ ብቻ ነው፤ የሚችላቸውም እየተጨቃጨቀ ነው። ጸሎተ ሐሙስ የእኛ ሱቆች ዝግ፣ የስዊድን ክፍት ናቸው። በየዓመቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያን ቀን መኪናቸውን አስነስተው ድልድዩ ላይ ከሚሰለፈው ሕዝብ ጋር ይሰለፋሉ፣ እስኪመለሱም ስለ ድሮ ምንዛሬ ይጣላሉ።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ አባቴን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰውና ግማሽ ጎኑ ተያዘ፣ አንደበቱም ተዘጋ። ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችልኝም። «መናገር ይችላል፤ ግን ራሱ መፈለግ አለበት። ዝም ብሎ ከከረመ ቃሉ እየራቀው ይሄዳል» አለችኝ። አባበልኩት፣ ፎቶ አሳየሁት፣ «አባዬ፣ ቱሪድ በለኝ፣ ስሜን ብቻ» ብዬ ለመንኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ እኔም በጣም ፈርቼ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሊቀ ምንዛሬ ቸኮላት ይዘው ሆስፒታል መጡ። በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«ጋሼ ኦድቫር፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ምንዛሬ እንዳያነሱ።»

«እኔ? መቼ አንስቼ አውቃለሁ?» ብለው ገቡ። ተቀመጡ፤ ለበሽተኛው ያመጡትን ቸኮላት ራሳቸው ከፍተው መብላት ጀመሩ።

«ሃልቮር፣ ይቺ ልጅ ስታገባ እንዴት በርካሽ እንደደገስን ትዝ ይልሃል? መቶውን በዘጠና አራት!»

ደነገጥኩ። ዘጠና አራት? ያን ሁሉ ዓመት በመቶ ስምንት ያቃጠሉኝ ሰውዬ? እሳቸውም ጃጁ ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። አባቴ ግን ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ዘጠና አራት» አሉ ክቡርነታቸው እያላመጡ። «እንዲያውም ዘጠና ሦስት ከምናምን ሳይሆን አይቀርም።»

የአባቴ የአንገት ሥር ተገተረ። «መ...» አለ።

«ምን አልክ?»

«መቶ...»

«ዘጠና!»

«መቶ... ስምንት! አንተ... ደደብ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ክቡርነታቸው አንዴም ወደ እኔ አላዩም። «ዘጠና አራት ነው፤ አንተ ታመህ ነው የዘባረቅከው» አሉ። አባቴም መልሶ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ፤ ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ ሮጣ ገባች። ሊቀ ምንዛሬ ነርሷን ለማሳለፍ ብድግ ሲሉ፣ ለራሳቸው በለሆሳስ «መቶ ስምንት» ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

አባቴ ዛሬ ይናገራል። ቀስ ይላል እንጂ ማቆሚያ የለውም፤ አብዝቶ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ እኔ እየነዳሁ፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው፣ ድልድዩ ላይ ተሰልፈናል። አባቴ መስኮቱን አውርዶ አጠገባችን ለቆመው መኪና ሁሉ ያውጃል።

«ይሄ ሰውዬ... ሊቅ ነኝ ይላል! የልጄን ሠርግ ምንዛሬ... እንኳ አያውቅም!»

በመስታወቱ አየኋቸው። የክቡርነታቸው ጆሮ ቀላ፣ አፋቸው ተከፈተ። በዕድሜ ልካቸው አንዲት ቁጥር ለማንም ለቀው አያውቁም። እኔም መታገስ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ጋሼ ኦድቫር እኮ ያን ቀን...»

ከኋላ ትከሻዬን በጣታቸው ወጉኝ።

«አንቺ መንገድሽን እዪ» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ አባቴ ዞሩ። «ዘጠና አራት መስሎኝ ነበር።»

አባቴ ድልድዩን እስክንሻገር ሳቀ።