ከፍየሏ ሁለት እርምጃ

(ጭሮ ከተማ። እማማ ወሰንየለሽ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማሽላ በሰፌድ ያበጥራሉ። የአፈር ተመራማሪው ተሻለ ከታሰረች ፍየል አጠገብ ስድስተኛ ጉድጓድ ይቆፍራል።)

ተሻለ፦ ኧረ እማማ፣ ይቺ ፍየል ማስታወሻዬን ልትበላው ነው!

ወሰንየለሽ፦ አትቆጣት። አምስት ቀን ሙሉ ስትቆፍር ያየ ሁሉ ይርበዋል። ምን ጠፍቶብህ ነው?

ተሻለ፦ ባክቴሪያ። በዓይን አይታይም።

ወሰንየለሽ፦ ታዲያ መጥፋቱን በምን አወቅህ?

ተሻለ፦ አይገባዎትም እማማ። አምና ከዚህ ግቢ አፈር ወስጄ ማንም የማያውቀው ዝርያ አገኘሁ። ቅርጹን፣ የሚበላውን፣ የሚችለውን ሙቀት ሁሉ ጻፍኩ። ስምም አወጣሁለት።

ወሰንየለሽ፦ ክርስትና ሳይነሣ?

ተሻለ፦ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ሞተብኝ።

ወሰንየለሽ፦ እግዜር ያጽናህ ልጄ።

ተሻለ፦ በሕይወት ያለውን ሁለት አገር ወዳሉ የባክቴሪያ ማከማቻዎች ልኬ ካላስቀመጥኩ ዝርያው አይመዘገብም። ዶክትሬቴም አበቃለት!

ወሰንየለሽ፦ ቦታውን አልጻፍከውም?

ተሻለ፦ እንዴት አልጽፍ! (ያነባል) «ከፍየሏ በስተምሥራቅ ሁለት እርምጃ።» ሳይንስ ማለት ልክ ነው እማማ። በየቀኑ ከፍየሏ ለክቼ እቆፍራለሁ፤ የለም። አፈሩ ሳይለወጥ አይቀርም።

ወሰንየለሽ፦ አፈሩ የትም አልሄደ። የሄደችው ፍየሏ ናት።

ተሻለ፦ (አካፋው ከእጁ ይወድቃል) ማን ነው የሚያዛውራት?

ወሰንየለሽ፦ እኔ ነኛ። በየማለዳው አንተ ሳትመጣ ችካሏን ሰባት እርምጃ ፈቀቅ አደርገዋለሁ።

ተሻለ፦ ለምን ሲባል?

ወሰንየለሽ፦ አቮካዶ ሲተከል ርቀት ይፈልጋላ! ስድስት ችግኝ ነበረኝ፤ ጉልበት ግን አልነበረኝም። (ከመቀነታቸው ደብተር ያወጣሉ) አምና ፊደል ስጨርስ ያየሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። (በጣታቸው እየተከተሉ) «ተሻለ መጣ። ከማሽላው ጉድጓድ አፍ አፈር ወሰደ። ውሃ ጠጣ። ከስቷል።»

ተሻለ፦ የማሽላ ጉድጓድ?

ወሰንየለሽ፦ ድሮ እህል የምንቀብርበት። እዚህ አገር ቦላ ይሉታል።

ተሻለ፦ የት ነው እሱ?

ወሰንየለሽ፦ የተቀመጥኩበት።

ተሻለ፦ እማማ! ይህን እያወቁ አምስት ቀን ዝም አሉኝ?

ወሰንየለሽ፦ አይገባዎትም አልከኛ፤ እስኪገባኝ ብዬ ነው። በል ስድስተኛውን ጠለቅ አርገህ ጨርስ፣ ከዚያ እነሳልሃለሁ። ውሃም ጠጣ፣ ከንፈርህ ደርቋል።

(ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ አንባቢ ይዞራሉ)

እናንተ የምታነቡ፣ ሰኔ ላይ አራት የማንጎ ችግኝ ይመጣልኛል። የማይታይ ነገር የሚፈልግ የተማረ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። አካፋ አለኝ። ፍየሏም አለች።