በቤቴ አስተምራታለሁ ያልኩት ቋንቋ

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ብሶብኝ ከጭቃ ቆጠርኩት። እናንተም ብትሆኑ ስታደንቁ የኖራችሁት የጎረቤትን ነው፤ ስለዚህ እኔን ብቻ አትታዘቡኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ እዚህ ሰቆጣ ልጆች በእናት ቋንቋችን በኽምጣኛ ሊማሩ ነው ተባለ። ልጄ ዝማም ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታ ወሯ ነበር። እኔ በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ማንበብ የለመድኩ ኩሩ ሴት፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። «አንተ መምህር፣ ኽምጣኛውንማ እኔ በቤቴ አስተምራታለሁ። ላሞቼ እንኳ ይሰሙታል!» ብዬ ልጄን በእጇ ጎትቼ ወጣሁ። ሰዉ ሳቀልኝ። ሰው ከሳቀልኝ ደግሞ እኔ መቼ እመለሳለሁ?

ዝማም በዚያው ከትምህርት ቀረች፤ አድጋ ወለደች፤ ልጇን ለእኔ ትታ ቤሩት ሰው ቤት ገባች። መጻፍ ስለማትችል ቃሏን በካሴት እየቀዳች በመንገደኛ ትልክልኛለች። እዚያው ቤት ሎርና የምትባል የፊሊፒንስ ሴት አብራት ትሠራለች። ዝማም ጣቷን ያተመችበት ውል የሁለት ሳይሆን የሦስት ዓመት መሆኑን አንብባ የነገረቻት ሎርና ናት።

አንድ ቀን የሎርናን አገር ነገር ቀድታ ላከችልኝ። አገራቸው ነፃ ሳትወጣ በፊት ስፔኖች ሦስት መቶ ዓመት ገዟቸው። ትምህርቱ በቀሳውስቱ እጅ ነበር፤ ለደሃ ልጅ ጸሎት በቃሉ ካስያዙት በቃው፤ የራሳቸውን ስፓኒሽ ግን ለብዙው ሰው ነፈጉት። ቀጥሎ አሜሪካኖች በጦር ገቡ፤ ጦሩ ገና ሳይበርድ መምህር በመርከብ ጭነው አመጡ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። የሎርና አያት ክፍል ውስጥ በእናቷ ቋንቋ ስታወራ ትቀጣ ነበር። ተምራ ቤቷ ስትገባ ያነበበችውን ለእናቷ መንገሪያ ቃል አጣች።

«እማዬ፣ በቋንቋችን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረን ብላት ሎርና ቀናች። ‹ታዲያ አንቺ ለምን አልተማርሽም?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደገና ሰማሁት።

በማግስቱ የልጅ ልጄን ይዤ እዚያው ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ያው ነው፤ ሸብቷል እንጂ አልረሳም።

«እማማ፣ በቤቴ አስተምራታለሁ ብለው አልነበር? ምን አስተማሯት?»

«ስድብ» አልኩት። «እሱን እንኳ አሳምራ ታውቃለች። ለዚችኛዋ ፊደሉን አንተ አስተምርልኝ።»

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ ለእናቷ በኽምጣኛ አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጻፈች። ላክነው። መልሱ በካሴት መጣ።

«እማዬ፣ ደብዳቤውን አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ አነበበችልኝ። ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አታውቀውም፤ እየተንተባተበች፣ ምን እንደምትል ሳይገባት ‹እናቴ፣ መቼ ትመጫለሽ?› አለችኝ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። አራተኛውን ግን አፈርኩ።»

ያንን አራተኛውን ብቻዋን፣ ማንንም ሳትለማመጥ ማንበብ ነበረባት። ይህን ደግሞ የነፈጋት ስፔንም አይደለ፣ አሜሪካም አይደለ።