ሦስት ሽማግሌና አንድ የሲንጋፖር ዓሣ

ሽምግልና በዕድሜ የሚገኝ የሚመስላችሁ ከሆነ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖራችሁ አታውቁም ማለት ነው። እዚህ ሽማግሌ የሚኮነው በኦፍ ቀን ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ አንደበቱ የተባ፣ አገር ቤት እያለ ስንቱን ያስታረቀ ሰው ሞልቷል፤ ግን ቅዳሜ ይሠራል። እኔ ገና ጢሜ በቅጡ ሳይሸብት ሽማግሌ የሆንኩት አስተዋይ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬን ስለምዘጋ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ እሸጣለሁ። ይህን ያነሣሁት ለማስታወቂያ አይደለም፤ ቢሆንስ?

አንድ ጊዜ ሽማግሌ ከሆናችሁ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስልክ ቁጥራችሁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይደወልላችኋል፣ ሲታረቁ ትረሳላችሁ። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ነጠላና የማያሳፍር መኪና ካላችሁ ሌላው ሁሉ ይሟላል ይባላል። ውሸት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው፤ የአእምሮ አላልኩም፣ የእግር። ለልጅ ጥየቃ ስትላኩ አባትየው ፊት ቆማችሁ፣ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም" ትላላችሁ። አባትየውም ቃላችሁን አክብረው እስኪበቃችሁ ያቆሟችኋል። ይህን ወግ ያወጡት አባቶቻችን ጥልቅ ጥበብ እንደነበራቸው ሲነገር ሰምቻለሁ። እኔ ግን ወንበር ስላልነበራቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ ኬልቪን የሚባል ልጅ ቢሮዬ መጣ። ሲንጋፖር ተወልዶ እዚህ የተማረ፣ ቁጥብ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። ሕሊና የምትባል የእኛን ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። እስከዚህ ድረስ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ችግሩ ሕሊና፣ "አባዬ ካልፈቀደ አላገባም" ማለቷ ነው። ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኬልቪን ደግሞ እንግሊዝኛ በደንብ ስለሚያውቅ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶታል።

የሕሊና አባት አቶ አስፋው እዚሁ አካባቢ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ሆቴል የጥገና ኃላፊ ናቸው። ባለቤታቸው ያረፉት ሕሊና ገና ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ኖረዋል። አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ዜና አይተው አብረው ይናደዳሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ልጅህን ስጠኝ ስትሉት ምን እንደሚል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አቶ አስፋው ግን እምቢ ብለው አያውቁም። እምቢ ማለት ነውር ነው። የሚሉት፣ "እስቲ ሎረል ያለውን የአጎቴን ልጅ ላማክረው" ነው።

ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድን። መሪያችን ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ጡረታ ስለወጡ ሳምንቱ በሙሉ ኦፍ ነው። ሦስተኛችን ታደሰ ነው፤ ታክሲ ነጂ ስለሆነ ሲፈልግ ኦፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን አቶ አስፋው የሎረሉን ዘመድ ማማከር እንዳለባቸው ነገሩን። በሁለተኛው ቀን የሎረሉ ዘመድ ስልክ አላነሣም አሉን። ይህ የአጎት ልጅ መኖር አለመኖሩን እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ስንወጣ ጋሽ ይልማ ሊፍቱ ውስጥ፣ "ሦስተኛው ካልያዘ አራተኛ የለም። አራተኛ ሽምግልና አይባልም፤ ልመና ነው" አሉና ቁልቁል ወረድን።

በዚህ መሀል የኬልቪን እናት ከሲንጋፖር መጡ። ወይዘሮ ሊም ይባላሉ፤ ጥቁር ሐር የለበሱ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ሌላውን ልጃቸው ይተረጉምላቸዋል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለልጃቸው ሲሉ ሰው ቤት ሄደው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ መመለሳቸውን ሲሰሙ ደነገጡ አሉ። ልጁን ተቆጡት። ወዲያው ሁላችንንም፣ አቶ አስፋውን ጨምሮ፣ ለቅዳሜ እራት ጋበዙ። ሰኞ ወደ አገራቸው ስለሚመለሱም መልሱን ሳልሰማ አልሄድም አሉ። እንዲህ ሆኖ ሦስተኛው ቀጠሮ ከአቶ አስፋው ሳሎን ወደ አንድ ስመ ጥር የሲንጋፖር ምግብ ቤት ተዛወረ።

"ጋሽ ይልማ፣ ምግብ ቤት ውስጥማ እንቀመጣለን አይደል?" አልኳቸው መኪና ውስጥ።

"ወግ ቤት አይመርጥም። እንቆማለን።"

"ሦስታችንም ጥቁር በነጭ ለብሰን ምግብ ቤት ውስጥ ብንቆም እኮ ሰው ሂሳብ አምጡ ይለናል።"

"አምጣ ካለህ ታመጣለህ" አሉ። ጋሽ ይልማ እንዲህ ናቸው።

ምግብ ቤቱ አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ውስጡ ጨለም ይላል። ውድ ምግብ ቤት ለምን መብራት እንደሚቆጥብ አላውቅም ነበር፤ ታደሰ በስልኩ ባትሪ ሜኑውን አብርቶ ዋጋውን ካየ በኋላ ቶሎ ሲያጠፋው ገባኝ። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ ትሪ አለ። አቶ አስፋው ክራቫት አስረው ቀድመውን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሊም በቀኛቸው፣ ኬልቪን ከእናቱ ቀጥሎ፣ ሕሊና ደግሞ ከኬልቪን ቀጥሎ። ሦስት ወንበር ባዶ ነበር፤ የእኛ።

አስተናጋጁ ወንበር ሳበልኝ። አመስግኜ ቆምኩ። ጥቂት ጨምሮ ሳበው፤ ቦታው የጠበበኝ መስሎት ይሆናል። አሁንም አመስግኜ ቆምኩ። ሄዶ አለቃውን ጠራ። አለቃው እጁን አጣምሮ፣ ጠረጴዛው ካልተመቸን ሌላ እንደሚሰጠን በትሕትና ነገረን። ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "ዊ አር ስታንዲንግ ፎር ዘ ገርል" አሉት። ሰውዬው እኛን አየ፣ ሕሊናን አየ፣ እንደገና እኛን አየ። ከዚያ በመቆም የሚደሰቱ ሰዎች መሆናችንን ተቀብሎ ከመጠጡ በኩል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አስመጣና አጠገባችን አቆመልን። ቢያንስ ክንዴን የማሳርፍበት አገኘሁ።

ጋሽ ይልማ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ተነሡ። ሕሊና ለኬልቪን በእንግሊዝኛ ታሾከሹካለች፤ ኬልቪን ለእናቱ በቋንቋቸው ያሾከሹካል። ከገነት ተነሥቶ በአብርሃም ቤት በኩል ያለፈው ንግግር ወይዘሮ ሊም ጋ ሲደርስ አራት ቃል ያህል ሆኖ ነበር። ወይዘሮዋ በጨዋነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ አስፋው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያበቃም፣ "ክብረት ይስጥልኝ፤ የምትሉት ሁሉ ገብቶኛል። ግን እስቲ ሎረል ያለውን..." አሉ።

"አባዬ፣ ኖት አጌይን! ፕሊዝ!" አለች ሕሊና።

"ምን አልኩ? ልጠይቀው ነው ያልኩት። ሰው ዘመድ አያማክርም?"

ሕሊና ሳህኗ ላይ አፍጥጣ ቀረች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን የጉልበት ጉዳይ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። የልጅቱን ፊት ሳየው ግን አንጀቴን በላችኝ። አባቷን ትታ የምትሄድ ዓይነት ብትሆን እኮ እኛም ባልቆምን ነበር።

ምግቡ መጣ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? በቀይ ቃሪያ ስልስ የተነከረ ሸርጣን መጣ። በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ መጣ። ከነጭንቅላቱ፣ ከነጅራቱ በእንፋሎት የበሰለ፣ ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት የተነሰነሰበት ትልቅ ዓሣ መጣ። ማንም አልነካውም። እኛ መልስ ሳናገኝ እህል አንቀምስም። አቶ አስፋው ጨዋ ሰው ስለሆኑ ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ አይበሉም። ወይዘሮ ሊም ጋባዥ ስለሆኑ እንግዶቻቸው ሳይበሉ አይጀምሩም። ልጆቹ ደግሞ ከወላጅ አይቀድሙም። ሰባት ሰው፣ ሙሉ ጠረጴዛ፣ ሁሉም የተከበረ፣ ሁሉም የተራበ። ከሁለት አገር የመጣ ጨዋነት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኝ ረሃብ ይሆናል።

ወይዘሮ ሊም ተስፋ አልቆረጡም። ትሪውን ቀስ አድርገው አሽከረከሩት። ሸርጣኑ በእኔ ፊት አለፈ። ሩዙ አለፈ። ዓሣው አለፈ። ታደሰ በዓይኑ እየሸኘ፣ "ይሄ ነገር ማቆሚያ የለውም እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። ጎናችን የተቀመጠች አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ በበኩሏ ነጠላችንን ስታጠና ቆይታ ጠጋ አለችና፣ የምንቃወመው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልፈርድባትም። ዋሽንግተን አካባቢ ቆሞ ምግብ እምቢ ያለ ሰው ሰልፈኛ ነው። ልጅ ልንጠይቅ መሆኑን ስነግራት፣ የምትፈርመው ነገር ካለ እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

ትሪው ቆመ። የዓሣው ጭንቅላት አቶ አስፋውን ፊት ለፊት ያያል። ድንገት የሆነ አልነበረም፤ እነሱ ዘንድ የዓሣው ጭንቅላት የሚዞረው ወደ ክቡሩ እንግዳ ነው፤ ከዓሣውም ምርጡ ጉንጩ ስለሆነ ጋባዡ እሱን አንሥቶ እንግዳው ሳህን ላይ ያኖርለታል። ይህን ኬልቪን የነገረኝ በኋላ ነው። ወይዘሮ ሊም በሁለት ቀጫጭን እንጨቶቻቸው ያችን ጉንጭ ሥጋ ነቀል አደረጉ፣ መረቅ አስነኩ፣ ሌላኛውን እጃቸውን ከሥር ደገፍ አድርገው ወደ አቶ አስፋው ዘረጉ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አንዲት ትልቅ ሴት ወይዘሮ እህል ይዘው፣ ከሥር በእጃቸው ደግፈው፣ ወደ እናንተ ሲመጡ?

አቶ አስፋው አፋቸውን ከፈቱ።

እንጨቶቹ ሳህኑና አፉ መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ። ኬልቪን መተንፈሱን እንጃ። ወይዘሮ ሊም የተከፈተውን አፍ አዩ፤ ከዚያ ልክ እድሜያቸውን በሙሉ የሰውን አባት ሲያጎርሱ የኖሩ ይመስል፣ ምንም ፊታቸው ሳይለወጥ አጎረሷቸው።

"ጎረሱ!" አሉ ጋሽ ይልማ፣ ጎል የገባ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "አለቀ። ከእጇ በልተው ልጇን አይመልሱም" አሉኝ። እኔም ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ። አቶ አስፋው ግን የሠሩትን ያወቁት እያላመጡ ነው። አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ዋጥ አደረጉ፣ አፋቸውን በጨርቁ ጠረጉ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

"ይቅርታ" አሉ። "እና እንዳልኳችሁ፣ የአጎቴን ልጅ..."

ወይዘሮ ሊም ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት። ኬልቪን ሕሊናን አያት። ሕሊና ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ምን አሉ?" አሉ አቶ አስፋው።

ልጁ ውሸት አልለመደም። አማች ሊሆን የመጣ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ትንሽ ቢዋሽ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን እናቱ ያሉትን ሳይጨምር ሳይቀንስ በእንግሊዝኛ ተረጎመው፤ "እናቴ የምትጠይቀው፣ ቤታቸው የሚያበላቸው ሰው የላቸውም ወይ? ነው።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ይልማ እንኳ፣ ለሁሉ ነገር ንግግር ያላቸው ሰውዬ፣ መሬት መሬቱን አዩ። አቶ አስፋው ልጃቸውን አዩአት። ሕሊና እንባዋን በጨርቁ ይዛዋለች። አባቷ አንዴ የጠረጴዛውን ልብስ በእጃቸው ደልደል አደረጉ፤ ምንም የሚደለደል አልነበረበትም።

"አንዲት ነበረችኝ በላቸው" አሉ ለኬልቪን። "አሁን ደግሞ እሷን ወደ እናንተ ልልክ ነው በላቸው።"

ይህችን ማንም ለሕሊና አልተረጎመላትም። ከወንበሯ ተነሥታ አባቷን አንገታቸው ላይ ጥምጥም አለች። ከዚያ፣ ልጁ እየጠበቀ ስለሆነ፣ ቀና ብላ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ነገረችው፤ እሱም ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ሊም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ዓሣውን ገለበጡት፣ ከሌላኛው ወገን ያለውን ጉንጭ ነቀል አደረጉ፣ መረቅ አስነክተው እጃቸውን ከሥር ደግፈው እንደገና ዘረጉ።

አቶ አስፋው አሁን አውቀው አፋቸውን ከፈቱ። አፋቸው ሙሉ ስለነበር፣ ተቀመጡ ያሉን በእጃቸው ነው።