ነጭ መኪና በየትኛው አጎዛ ይወለወላል?

[ሀገረ ሕይወት ከተማ፣ በነቀምቴ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ደጃፍ፤ ቅዳሜ ጧት። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ፈዲሉ የሠርግ ልብሱን ለብሶ በነጭ መኪናው ፊት ቆሟል። ቁራጭ ነጭ የበግ አጎዛ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለመኪና ወልዋዩ ለጂራ ያሳየዋል።]

ፈዲሉ፦ ይህ ምንድን ነው?

ጂራ፦ አጎዛ ነው፣ ኦቦ ፈዲሉ።

ፈዲሉ፦ አጎዛ መሆኑ አልጠፋኝም! እላዩ ላይ ያለውን ነው የጠየቅሁህ።

ጂራ፦ ጠጕር ነው።

ፈዲሉ፦ ጠጕሩ ላይ ያለውን!

ጂራ፦ እሱ ቀይ ነው።

ፈዲሉ፦ ይኸው፣ በገዛ አፍህ አመንክ። ዛሬ እህቴ መድና ትዳራለች። ባኮ ድረስ፣ እስከ ባሏ ደጃፍ፣ በነጭ መኪና አደርስሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ቤንዚኑን ከኩፖኔ እየቀነስኩ ያጠራቀምኩት ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ቀይ መኪና ባሸህበት አጎዛ የኔን ነጭ ልታሽ ትነሣለህ!

ጂራ፦ ቀይ መኪና አላሸሁበትም።

ፈዲሉ፦ ጂራ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሸጫለሁ። ስለ ቀለም እኔን የሚያስተምር ሰው በዚህ ከተማ የለም። እስቲ መልስልኝ፤ አዲስ ቀይ ሻሽና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲዘፈዘፉ ነጠላው ምን ይሆናል?

ጂራ፦ ይረጥባል።

ፈዲሉ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል።] ከረጠበ በኋላ!

ጂራ፦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ፈዲሉ፦ ይቀላል! ቀለም ይለቅበታል! አጎዛም እንደዚያው ነው። የአንዱን መኪና ቀለም ጠጥቶ በሌላው ላይ ይተፋዋል። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ቀይ ከማን መኪና ላይ መጣ?

ጂራ፦ ከኦቦ ፈዬራ።

ፈዲሉ፦ የኦቦ ፈዬራ መኪና ቀይ ነው?

ጂራ፦ እሳቸው መኪና የላቸውም። በግ ነው ያላቸው።

ፈዲሉ፦ ስለ ሀብታቸው አልጠየቅሁህም!

ጂራ፦ ከበጋቸው ነው የመጣው። ጎጆ ከተማ ገበያ ላይ በግ ከበግ እንዳይቀላቀል ሁሉም የየራሱን ጀርባ ላይ ምልክት ያደርጋል። ኦቦ ፈዬራ ቀይ ይቀባሉ።

ፈዲሉ፦ እንግዲህ በግ ቀለም ይቀባል፣ መኪና ግን አልተቀባም፤ ይህን ነው እንድቀበልህ የምትፈልገው?

ጂራ፦ መኪናም ይቀባል፣ ኦቦ ፈዲሉ። ባለቤቱ ከፈለገ።

[ፈዲሉ ነጭ መሀረቡን ከደረት ኪሱ ያወጣል፤ ጫፉን በምራቁ አርጥቦ ቀዩን ምልክት ያሻል። መሀረቡ ይቀላል።]

ፈዲሉ፦ ለቀቀ! ወላሂ ለቀቀ! አየህ?

ጂራ፦ ኤዬ፣ አየሁ። እሷን ጥግ ቆርጬ እጥላታለሁ፤ የቀረው ንጹሕ ነው።

ፈዲሉ፦ ብል የበላው ጣቃ ጫፉ ተቆርጦ ቢቀርብልህ ትገዛለህ? ሌላ አምጣ!

ጂራ፦ ሌላው ጥቁር ነው።

ፈዲሉ፦ ጥቁር በግ ጥቁር ሆኖ ተወለደ፤ ማንም አልነከረውም። ተፈጥሮ አይለቅም። አምጣ!

[ጂራ ገብቶ ጥቁር አጎዛ ይዞ ይመለሳል። ፈዲሉ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፤ እንደ ሱፍ ጨርቅ በመዳፉ ይደባብሰዋል።]

ፈዲሉ፦ ቀይ ይታይሃል?

ጂራ፦ አይታየኝም።

ፈዲሉ፦ አረንጓዴስ?

ጂራ፦ እሱም አይታየኝም። ግን ኦቦ ፈዲሉ…

ፈዲሉ፦ «ግን» የሚባል ዕቃ እኔ ሱቅ አይሸጥም።

ጂራ፦ ይህንንም በመሀረቡ ይሞክሩት እንጂ።

ፈዲሉ፦ መሀረቤ ለሠርግ እንጂ ለአንተ አጎዛ ማበሻ አልተሰፋም፤ አንዱ ጫፍ በቂ ነው። ደግሞስ ዓይን ያየውን ምን ያስሞክራል? በል መኪናውን እሽ! ከኮፈኑ ጀምር፤ ሰሙን አታሳሳ፤ ክንድህን ጣልበት። ሥራህን እስክትጨርስ አንዲት ቃል እንዳልሰማ።

ጂራ፦ እሺ።

[ጂራ ሰም ቀብቶ ኮፈኑን ያሻል። ፈዲሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በጋራዡ መስኮት መስታወት ከረባቱን ያስተካክላል። ጂራ እጁን ያነሣል፤ እንደታዘዘው ዝም ብሎ ይቆማል። ፈዲሉ ዞሮ ኮፈኑን ያያል።]

ፈዲሉ፦ [በጣም በዝግታ] ጂራ።

ጂራ፦ አሁን ልናገር?

ፈዲሉ፦ ተናገር። ይህ ምንድን ነው?

ጂራ፦ ይህ አረንጓዴው ከላንድሮቨር ነው። ሰማያዊው ከአውቶቡስ። ይህ ሰፊው ቀይ ከኤንትሬው የጭነት መኪና ነው፤ ትናንት ነበር ያሸሁት። ቢጫውን እኔም አላስታውሰውም።

ፈዲሉ፦ ሁሉንም በዚህ ጥቁር?

ጂራ፦ ሁሉንም። እድፉን ስለሚሸሽግ ደንበኛ አይቆጣበትም።

ፈዲሉ፦ ነጩስ? ምን ታሽቶበት ያውቃል?

ጂራ፦ ምንም። የመድና ሠርግ ነው ብዬ ለእርስዎ መኪና ያመጣሁት ነው።

[ፈዲሉ በመኪናው ደረጃ ላይ ይቀመጣል።]

ፈዲሉ፦ ይህ… ይለቃል?

ጂራ፦ ይለቃል። አሸዋ የሌለበት ጥሩ ማሻ ይፈልጋል፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው። ለመልሱ ይደርሳል።

ፈዲሉ፦ ለመልሱ! ሙሽሪት እኮ ተሸፋፍና ተቀምጣለች! በምን ልውሰዳት?

ጂራ፦ ኤንትሬው በቆሎ ሊጭን ባዶውን ባኮ ይሄዳል። ጋቢናው ለሁለት ሰው ይበቃል። ደግሞ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ቢያዩት!

[ፈዲሉ ባለ ቀለም ኮፈኑን ለረጅም ጊዜ ይመለከታል። ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን ያራግፋል፤ ድምፁን ወደ ነጋዴ ድምፅ ይመልሳል።]

ፈዲሉ፦ ነጂውን ጥራልኝ። ቆይ፣ አንድ ነገር አጣርቼ ነው። እህቴ የለበሰችው ነጭ ነው። የኤንትሬው ቀይ ልብሷ ላይ አይለቅም?

ጂራ፦ አይለቅም፣ ኦቦ ፈዲሉ። የሚለቀውን ሁሉ እርስዎ መኪና ላይ ጨርሷል።